«ቤት ነው የምውለው»፦ የነፍሰ ጡር ሴቶችን የአካል እንቅስቃሴ በአገራችን ሁኔታ እንዴት እንለካለን?

የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችን የገጠር ሴት «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ትሠሪያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ መረጃ ሰብሳቢ መልሷን ሳይሰማ መጻፍ ይችላል፤ «አልሠራም» ትለዋለች። «ሥራስ አለሽ?» ቢላት ደግሞ «የለኝም፣ ቤት ነው የምውለው» ትላለች። ይህችው ሴት ግን በዚያው ዕለት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ቤትና በረት ጠርጋ፣ 20 ሊትር ውኃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ወጥታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ማሳ ድረስ ምሳ አድርሳ፣ ከሰዓት በኋላ አረም ስታርም ቆይታ፣ ማታ ከብት አስገብታ ይሆናል። መጠይቁ ላይ የሚቀረው ሁለት ጊዜ የተሞላ «የለም» ብቻ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ቅጽ የሚወጣ ጥናት «አብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች እንቅስቃሴ አያደርጉም» ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያም ዕረፍት ለሚያስፈልጋት ሴት በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር እንድትጓዝ ምክር ይሰጣታል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በጤና ጣቢያና በቀበሌ ደረጃ መረጃ ለሚሰበስቡ አዋላጅ ነርሶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለመመረቂያ ጥናታቸው ይህን ርዕስ ለመረጡ ተማሪዎች ነው። ምሳሌዎቹ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ቢሆኑም ውኃ በሰው ጀርባ በሚቀዳበትና ማገዶ በሰው ጀርባ በሚመጣበት ሌላ አገር ሁሉ ችግሩ ተመሳሳይ ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄውን መለየት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ የሕክምና እገዳ የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንድታደርግ፣ ተቀምጣ የምታሳልፈውንም ጊዜ እንድትቀንስ ይመክራል። ምክሩ ከተቀመጠችበት ለማትነሣ የቢሮ ሠራተኛ በጣም ይጠቅማል፤ የደም ግፊትንና በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት የስኳር በሽታን ለመከላከል ይረዳልና። በሌላ በኩል ከባድ ሸክም ማንሣትና ረጅም ሰዓት መቆም ያለጊዜው ከመውለድ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ «ምን ያህል ትንቀሳቀሳለች?» የሚለው አንድ ጥያቄ የሚመስል ነገር በውስጡ ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል፤ አንዱ «እንቅስቃሴዋ አንሷል ወይ?» ሲሆን ሁለተኛው «ሥራዋ በዝቷል ወይ?» ነው።

በእኔ እምነት በአገራችን የሚሠራ ማንኛውም ልኬት ሁለቱንም መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም አንድ ወረዳ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሴቶች ይገኛሉ። በወረዳው ከተማ ባንክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የምትውል ገንዘብ ተቀባይና ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትኖር የገበሬ ሚስት በአንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱን አንድ ድምር ቁጥር ላይ ማሰባሰብ የሁለቱንም እውነት ያጠፋል።

ቃሉን ማስተካከል

የመጀመሪያው ስሕተት የሚሠራው መስክ ከመወጣቱ በፊት፣ ትርጉም ላይ ነው። «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ስፖርት ማለት ሆኗል፤ የሚያስታውሰው ሩጫ፣ ጂምናዚየም ወይም በቴሌቪዥን የሚታይ የጠዋት ልምምድ ነው። «የአካል እንቅስቃሴ» ሰፋ ያለ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሴቶች «እንቅስቃሴ» ሲባል ከቤት ወጥቶ መሄድ አድርገው ይረዱታል። «ሥራ» የሚለው ቃል ደግሞ ደመወዝ ያለው ሥራ ማለት ሆኖ ይሰማል። «ከባድ» የተባለው እንደሆነ ነፍሰ ጡሯ ከባድነቱን ከድካሟ ጋር ታያይዘዋለች፤ በሰባተኛው ወር ተቀምጦ መነሣትም ከባድ ነው።

መፍትሔው የጥቅል ስሙን ትቶ የሥራውን ስም መጥራት ነው። መጠይቁ ውስጥ መግባት ያለባቸው ማቡካት፣ መጋገር፣ መውቀጥ፣ እህል ማበጠር፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ኩበት መጋገር፣ ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ልጅ ማዘል፣ ማረም፣ ማጨድ፣ ወፍጮ ቤትና ገበያ መሄድ የመሳሰሉ ቃላት ናቸው። ጉልበቱን ለመለየትም «መካከለኛ» እና «ከፍተኛ» ከማለት ይልቅ ሰውነት ላይ የሚታየውን መጠየቅ ይሻላል፦ ሥራውን እየሠራች ማውራት ትችላለች፣ ግን መዝፈን ያቅታታል? ይህ መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል? ይህ ከፍተኛ ነው። የልብ ምት መቁጠር ለዚህ ብዙም አያገለግልም፤ በእርግዝና ወቅት በዕረፍት ላይ ያለ የልብ ምት እንኳ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ያህል ይጨምራልና።

የትርጉሙ ሥራ በሁለት ተርጓሚዎች ተሠርቶ፣ ወደ ምንጩ ቋንቋ በሌላ ሰው ተመልሶ ከተመሳከረ በኋላ የመጨረሻው ፈተና መስክ ላይ ነው። ከአሥር የማያንሱ ነፍሰ ጡሮች እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲናገሩት ይጠየቁ፤ «ምን የጠየቅሁሽ ይመስልሻል?» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ከብዙ የቢሮ ስብሰባ በላይ ያስተምራል።

ከተዘጋጁት መጠይቆች የቱን?

በብዛት የሚታወቁት ሦስት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 16 ጥያቄ ዓለም አቀፍ መጠይቅ ሥራን፣ ጉዞን፣ የመዝናኛ ጊዜንና መቀመጥን ለየብቻ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች ብሔራዊ ቅኝትም ጥቅም ላይ ውሏል። መግቢያው «ሥራ» ሲል የቤት ውስጥ ሥራንና የእርሻ ሥራን እንደሚጨምር በግልጽ ይናገራል፤ መረጃ ሰብሳቢዎች ግን ለፍጥነት ብለው የሚዘሉት ይህንኑ መግቢያ ነው። ይህ ቢነበብ ብቻ ብዙ ስሕተት ይቀራል። ሁለተኛው አጭርና ረጅም ቅጽ ያለው ዓለም አቀፍ የአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ ሲሆን አጭሩ 7፣ ረጅሙ 27 ጥያቄ አለው። አጭሩ የቤት ሥራን ለይቶ ስለማያወጣ ለነፍሰ ጡሮች አልመርጠውም።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለነፍሰ ጡሮች ተብሎ የተዘጋጀው መጠይቅ ነው። 32 እንቅስቃሴዎችን በቤት ሥራና በእንክብካቤ፣ በሥራ ቦታ፣ በስፖርት፣ በጉዞና በመቀመጥ ከፍሎ በያዘችው የእርግዝና ሦስት ወር ውስጥ ያለውን ጊዜ ይጠይቃል። በ54 ነፍሰ ጡሮች ላይ ሲፈተን ለተደጋጋሚ ጥያቄ የሰጡት መልስ መጣጣም (1 ፍጹም መጣጣም ማለት ነው) ለጠቅላላው እንቅስቃሴ 0.78 ነበር፤ ከእንቅስቃሴ መመዝገቢያ መሣሪያ ጋር የነበረው ዝምድና ግን የመሣሪያው ንባብ በተከፋፈለበት ወሰን እየተለያየ ከ0.08 እስከ 0.43 ነበር። በተዘጋጀበት አገር እንኳ ይህ ከሆነ፣ በሌላ አገር ሳይፈተን እንዳለ መወሰድ እንደሌለበት ግልጽ ነው።

ይህ መጠይቅ ለእኛ ሁለት እንከን አለበት። አንዱ ይዘቱ ነው፤ በሞተር ማጨጃ ላይ ተቀምጦ ሣር ማጨድን ይጠይቃል፣ ውኃ መቅዳትን ግን አይጠይቅም። ይህ ጥያቄ በመለወጥ ይስተካከላል። የባሰው ሁለተኛው ሲሆን ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል፦ ለአብዛኞቹ ሥራዎች የመጨረሻው የመልስ ምርጫ «በቀን 3 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ» የሚል ነው፣ ሲሰላም 3 ሰዓት ተብሎ ይወሰዳል። ሊጥ፣ እንጀራ፣ ወጥና ቡና ተደምሮ በቀን 5 ሰዓት ምድጃ አጠገብ የምትቆም ሴት ሁለት ሰዓቷ በየቀኑ ይጠፋል፤ በሳምንት 14 ሰዓት ማለት ነው። ጣሪያው የተሠራው ምግብ ማብሰል ሦስት ሰዓት በማይሞላበት ቤት ነው። ስለዚህ ምርጫዎቹን ትታችሁ ትክክለኛውን ሰዓትና ደቂቃ መዝግቡ፤ ከሌላ አገር ጥናት ጋር ማወዳደር ካስፈለገ በኋላ በስሌት ወደ ምርጫዎቹ መመለስ ይቻላል። የተቆረጠውን ግን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ

መረጃ የሚሰበሰበው በስልክ ወይም በታብሌት ከሆነ የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ሴትየዋ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ስትል አንዱ መረጃ ሰብሳቢ 1፡00፣ ሌላው 7፡00 ያስገባል፤ በኋላ ሲታይ ከነፍሰ ጡሮቹ ግማሾቹ በእኩለ ሌሊት ውኃ ሲቀዱ ይገኛሉ። ሁሉም በኢትዮጵያ ሰዓት እንዲጽፉ፣ «ቀን» ወይም «ሌሊት» የሚል ሳጥን አብሮ እንዲሞላ፣ ልወጣውም በአንድ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ይደረግ። ለቀኑም እንዲሁ ነው፤ ኦዲኬ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር መምረጥ ስለሚቻል የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር በቃል እንዲቀይር ማንንም አታስገድዱ። ቀኑን ካላስታወሰች በበዓል ይታገዝ፦ ጥምቀት ከመዋሉ በፊት ነው በኋላ? ሁዳዴ ተይዞ ነበር?

«በተለመደ ሳምንት» የሚለው አነጋገር ለብዙ ሴቶች ባዶ ነው፤ የተለመደ ሳምንት የላቸውምና። ገበያ የሚውልበት ቀን አለ፤ እሑድና እንደ ሚካኤል፣ ማርያም ያሉ የወር በዓላት ደግሞ ብዙ ቦታ የእርሻ ሥራ አይሠራባቸውም። በእነዚህ ቀኖች አረም ይቆማል፤ ውኃ መቅዳትና ምግብ ማብሰል ግን አይቆምም፣ እንዲያውም እንግዳ ስላለ ይጨምራል። ስለዚህ የአንዲት ሴት ልኬት ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ የበዓል ቀንና የገበያዋን ቀን መያዝ ይኖርበታል። ወቅቱም እንዲሁ መመዝገብ አለበት፤ ነሐሴ ላይ አረም፣ ኅዳር ላይ አጨዳ፣ በበጋው ወራት ደግሞ ምንጭ እየነጠፈ የውኃው መንገድ ይረዝማል። ጾም ላይ ያለች ሴት የምትበላበት ሰዓት ስለሚለወጥ የምትሠራበትና የምታርፍበት ሰዓትም አብሮ ይለወጣል። በአንድ ወር ብቻ የተሰበሰበ መረጃ የዓመቱ ተብሎ እንዳይጻፍ አደራ እላለሁ።

ያለፈውን ቀን አብሮ መከተል

የተሻለው ዘዴ የትናንቱን ቀን ከንጋት እስከ መኝታ በተከታታይ ማስታወስ ነው። መጠይቁ በጽሑፍ «እርስዎ» ቢልም ከዕድሜ እኩያ ጋር ሲነገር ግንኙነቱን ያሻክረዋል፤ ወጣቷን «አንቺ፣ እኅቴ»፣ በዕድሜ ገፋ ያለችውን «እርስዎ» ማለት የአካባቢው ወግ ነው፣ ቅጹም ሁለቱን አካቶ ይዘጋጅ። ጭውውቱ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ትናንት ምን ቀን ነበር፣ ገበያ ነበር ወይስ በዓል?»

«የለም፣ የሥራ ቀን ነው።»

«እሺ እኅቴ፣ ስትነሺ ነግቶ ነበር?»

«አልነጋም፤ ዶሮ ጮኋል።»

«ከዚያስ ምን ሠራሽ?»

«ምን እሠራለሁ፣ ቤት ጠረግሁ።»

«በረቱንስ ማን ጠረገው?»

«እኔው ነኝ እንጂ ማን አለ!»

«ውኃውንስ?»

«እኔ። ከምንጭ።»

«ስትሄጂ ፀሐይ ወጥታ ነበር?»

«ገና መውጣቷ ነው። ስመለስ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል።»

«ወረፋ ጠበቅሽ?»

«ተቀምጠን ጠበቅን እንጂ፤ መቼ ወረፋ ይጠፋል።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። «ምን እሠራለሁ» ያለችው ሴት በረቱን የጠቀሰችው በስሙ ስለተጠየቀች ነው፤ «ሌላስ?» ቢባል ኖሮ «ሌላ የለም» ትል ነበር። ሁለተኛ፣ ሰዓት ባታይም የጊዜ ምልክቶች አሏት። ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ተኩል፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ 2 ሰዓት ገደማ ብንል የውኃው ጉዞ 90 ደቂቃ ወስዷል። የቀበሌውን የጊዜ ምልክቶች፣ ማለትም የትምህርት ቤት መግቢያን፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልን፣ የመስጊድ አዛንን፣ የከብት መውጫና መግቢያን በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ ለእያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢ መስጠት ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው።

አማት ወይም ባል አጠገብ ካለ መልሱ ይለወጣል። አማት ፊት ሥራ የበዛባት ሴት «እነሱ ያግዙኛል» ትላለች። ቃለ መጠይቁን ከሰው ራቅ ብሎ፣ ቡና እየለቀመችም ይሁን ጥጥ እየፈተለች፣ እጇን ሳያስፈቱ ማድረግ ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እርግዝናዋን ከጎረቤት የምትሰውር ሴትም ስላለች ግቢ ገብቶ «ነፍሰ ጡር አለች ወይ?» ብሎ ጮክ ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም።

ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲሠራ፣ ለምሳሌ ልጅ አዝላ ወጥ ስትሠራ፣ ጊዜው ለዋናው ሥራ ብቻ ይመዝገብ፤ ልጅ ማዘሏ ግን በጎን ምልክት ይደረግበት። አለዚያ የቀኑ ድምር ከ24 ሰዓት ያልፋል።

ሸክሙንና መንገዱን መመዘን

ይህ ክፍል በብዙ ጥናቶች የለም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው እሱን ነው። ጤና ኬላው ውስጥ ሕፃናት የሚመዘኑበት 25 ኪሎ ድረስ የሚያነብ ተንጠልጣይ ሚዛን አለ። ከሴትየዋ ጋር እስከ ምንጩ ሄዳችሁ፣ የሞላውን ጀሪካን አንጠልጥላችሁ መዝኑት። 20 ሊትሩ ከነጀሪካኑ ከ20 ኪሎ በላይ ይመጣል፤ 25 ሊትር የሚይዘው ደግሞ ከሚዛኑ አቅም ስለሚያልፍ ግማሹን ቀንሶ ሁለት ጊዜ መመዘን ያስፈልጋል። የእንጨቱም ሸክም እንዲሁ በእስር በእስር ሊመዘን ይችላል። በጀርባ፣ በጭንቅላት ወይስ በእጅ እንደምትሸከም፣ መልሱ መንገድ ዳገት ይሁን ሜዳ፣ ስንት ጊዜ አሳርፋ እንደምትነሣም ይጻፍ።

ጉዞውን መክፈልም አስፈላጊ ነው። ከላይ የጠቀስናት ሴት 90 ደቂቃ ለሦስት ይከፈላል እንበል፦ ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትወርድ 25 ደቂቃ፣ ወረፋ ላይ ተቀምጣ 30 ደቂቃ፣ ውኃ አዝላ ስትመለስ 35 ደቂቃ። ይህ አከፋፈል ለስሌቱ ምን እንደሚያደርግ ወረድ ብለን እናያለን።

በከተማ ሸክሙ ሌላ መልክ አለው። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር ነፍሰ ጡር ውኃ በሚቋረጥበት ቀን ጀሪካን ይዛ ደረጃ ትወጣለች። ስንተኛ ፎቅ እንደምትኖርና በሳምንት ስንት ቀን ውኃ እንደሚጠፋ ካልተጠየቀ የከተማዋ ሴት ሁሉ ተቀማጭ ሆና ትቆጠራለች።

መሣሪያ ካለ

አክሰለሮሜትር የሚባለው ወገብ ላይ የሚታሰር የእንቅስቃሴ መመዝገቢያ ከትዝታ ስሕተት ነፃ ነው፤ ያለ ስሕተት ግን አይደለም። ባዶ እጇን የምትሄደውንና 20 ኪሎ ተሸክማ የምትሄደውን በአንድ ዓይነት ይቆጥራል። ሙቀጫ ስትወቅጥ ክንዷ እንጂ ወገቧ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ሥራው አይታየውም፤ ቁጢጥ ብላ ስታርምም እንደተቀመጠች ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ቃለ መጠይቁን የሚተካ ሳይሆን የሚፈትን ምስክር ነው። ርካሹ የእርምጃ መቁጠሪያ ደግሞ ሆድ እየገፋ ሲሄድ ስለሚያጋድል እርምጃ ይዘላል፤ ከሆድ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን፣ የዳሌ አጥንት ላይ መቀመጥ አለበት።

መቀነት የምትታጠቅ ሴት መሣሪያውን በመቀነቷ እጥፋት ውስጥ ካደረገችው ይላላል፤ በራሱ ማሰሪያ ከመቀነቱ ሥር ይታሰር። ድምፅ እንደማይቀዳ፣ የሄደችበትን ቦታ እንደማይመዘግብ፣ ራጅም እንዳልሆነ ለእሷም ለቤተሰቧም አስቀድሞ ይነገር፤ መረጃ ሰብሳቢዋ ራሷ ታጥቃ ብትታይ ደግሞ የበለጠ ታሳምናለች። በተለምዶ በቀን 10 ሰዓት ያህል ቢያንስ ለአራት ቀን የታጠቀች ሴት መረጃ ተቀባይነት አለው፤ ከአራቱ አንዱ የበዓል ቀን ይሁን። የመሣሪያው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከማስታወሻው ጋር ሲመሳከር የስድስት ሰዓቱን ልዩነት አትርሱ።

መሣሪያ የሌለው ቡድን ከናሙናው ጥቂት ሴቶችን መርጦ አንዲት መረጃ ሰብሳቢ ከንጋት እስከ ምሽት አብራ እንድትውል ማድረግ ይችላል። በየ15 ደቂቃው የምትሠራውን መመዝገብ አድካሚ ቢሆንም ከመጠይቁ ጋር ሲነጻጸር የቱ ሥራ እንደሚዘነጋ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ማንን እንጠይቅ?

ጤና ጣቢያ የመጣችውን ብቻ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ርቀትና ሥራ ያስቀራትን ግን ይተዋታል፤ የምንፈልጋት ደግሞ እሷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ቅኝት መሠረት በኢትዮጵያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ከሠለጠነ ባለሙያ ያገኙት 74 በመቶ፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 43 በመቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት 28 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን የቤተሰብ መዝገብ መነሻ አድርጎ ቤት ለቤት መመዝገብ ይሻላል። የናሙናውን መጠን በተመለከተ 50 በመቶ ግምትና 5 በመቶ የስሕተት ወሰን ተይዞ የሚወጣው 384 በየመመረቂያ ጽሑፉ ይገኛል፤ ናሙናው በቀበሌ ተመድቦ ከተመረጠ ግን የአንድ ቀበሌ ሴቶች ስለሚመሳሰሉ አይበቃም። በ1.5 ቢባዛ እንኳ 576 ይሆናል፣ መልስ የማይሰጡት ገና ሳይጨመሩ።

ስሌቱ

የጉልበት መለኪያው ሜት ይባላል፤ አንድ ሜት ማለት አንድ ሰው ተቀምጦ አርፎ የሚያወጣው ጉልበት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ መካከለኛ ሥራና ጉዞ በ4፣ ከፍተኛ ሥራ በ8 ሜት ይባዛሉ፤ በሳምንት 600 ሜት-ደቂቃ የሞላ «በቂ እንቅስቃሴ አለው» ይባላል። አሁን የዚያችን ሴት የውኃ ጉዞ ብቻ እናስላ፤ በየቀኑ አንድ ጊዜ ትቀዳለች። 90ውን ደቂቃ በሙሉ መካከለኛ ብንለው 90 በ7 በ4 ተባዝቶ 2520 ይመጣል። ከባድ ሸክም ስለሆነ ሁሉንም ከፍተኛ ብንለው 5040 ይሆናል። ከፋፍለን ብናሰላው መውረጃው 700፣ መመለሻው 1960፣ ወረፋው ምንም፣ በጠቅላላው 2660 ነው። አንዲት ሴት፣ አንድ መንገድ፣ ሦስት ቁጥር። የትኛው አሠራር እንደተመረጠ ያልጻፈ ሪፖርት ከሌላ ሪፖርት ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። ሦስቱም ቁጥሮች ከ600 አራት እጥፍ በላይ ናቸው፤ ገና አረሙና ገበያው ሳይጨመሩ። በዚህ ገደብ ሲለኩ የገጠር ነፍሰ ጡሮች በሙሉ ማለት ይቻላል «በቂ» ስለሚሆኑ መቶኛው ምንም አይለይም። ከእሱ ይልቅ የቤት ሥራ፣ የእርሻ፣ የጉዞና የስፖርት ሰዓት ለየብቻው ይቅረብ፤ ሸክም ላይ ያለችበት ጊዜ (በምሳሌያችን በሳምንት 245 ደቂቃ)፣ ያነሣችው ከፍተኛ ክብደት፣ ሳትቀመጥ የቆመችበት ረጅሙ ጊዜና ቀን ላይ ጋደም ያለችበት ሰዓት ይጨመር። ጥቂት ሴቶች እጅግ ብዙ ሰዓት ስለሚሠሩ ከአማካይ ይልቅ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን ቁጥርና ስርጭቱን ማሳየት ይሻላል። በቀን ከ16 ሰዓት በላይ ሥራ የተመዘገበባትን ሴት መረጃ መጣል በመጠይቆቹ ደንብ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ከመጣሉ በፊት ተመልሶ መጠየቅን እመርጣለሁ፣ አንዳንዶቹ እውነት ናቸውና። ከናሙናው የተወሰኑትን ከሰባት ቀን በኋላ ደግሞ መጠየቅም ያስፈልጋል፤ በመካከሉ ትልቅ በዓል እንዳይገባ ግን ይጠንቀቁ።

የመረጃ ሰብሳቢዋ ግዴታ

ለጥናት የገባች ባለሙያ ለአንድ ሰዓት ከነፍሰ ጡር ጋር ተቀምጣ ስለድካሟ ስትጠይቅ ሌላም ነገር ትሰማለች። ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የእንሽርት ውኃ መፍሰስ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከተነገራት ቃለ መጠይቁ ወዲያው ይቆማል። ቅጹ ላይ «ወደ ጤና ጣቢያ ተልካለች» የሚል ሳጥንና የተላከችበት ሰዓት ከመጀመሪያው ይካተት፤ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በዚያው ቀን ይነገራት፤ ሴትየዋ መድረሷን በማግስቱ የማጣራቱም ኃላፊነት የማን እንደሆነ በስም ተጽፎ ይታወቅ። «አትሸከሚ» ብሎ መምከር ግን ውኃውን ማን እንደሚቀዳላት ሳይጠየቅ አይነገር፤ ባልየው ወይም ትልቁ ልጅ በአህያ ማምጣት ይችል እንደሆነ እዚያው ቤት፣ እሷ ከፈቀደች፣ አብሮ ይመከርበት።